የጋኖቹ ፊደል

ደብተሩ ሃምሳ ሉክ ነው፤ ከጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት፣ የእኛ ዘመን ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት። እናቴ ካረፈች በኋላ ጂንካ ባለው ቤቷ ሳጥኗን ስከፍት ከነጠላዎቿ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ አገኘሁት። ፌስታሉን ስፈታው የጌሾ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ይህን ያህል ዘመን ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አሁንም ጌሾ ጌሾ የሚሸት ወረቀት ያስገርማል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሽታው አልነበረም። ሽፋኑ ላይ «ጽጌ፣ 4ኛ ለ» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። በልጅነቴ ከፍራሼ ሥር የጠፋብኝ፣ ማን እንደወሰደው ሳላውቅ ዓመታት ስፈራው የኖርኩት ደብተር ነበር።

ልጄ በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ አንዱን ገጽ አየችው። «ሐ ከ። ዘ ገ። ብ ጨ» ይላል። የማን ፓስወርድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፓስወርድ እንዳልሆነ፣ ነገሩ ስለ ጠላ እንደሆነ ብነግራት ዓይኗን አጥብባ ተመለከተችኝ። አላመነችኝም። አልፈርድባትም። ጥርጣሬ በእኛ ቤት ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነገር ነው።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጥግ ነበር። የጂንካ ልጅ የሆነ ሁሉ ያንን ሜዳ ያውቀዋል። ከተማው መሃል የተዘረጋ ሣር ነው፤ አውሮፕላን እስኪመጣ ድረስ የከብትና የኳስ ነበር። አባቴ የጤና ረዳት ሆኖ ኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለው ዱስ ስለተመደበ በሦስት ወር አንዴ ብቅ ይላል፤ ሲመጣም ግማሹን ጊዜ በወባ ተኝቶ ያሳልፋል። ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እናቴ አስካለ ናት፤ የያዘችውም በጠላ ነው። ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ከአሪ ተራራ ሸክም ይዞ የወረደው ገበሬ፣ የመሥሪያ ቤት ሰውና የቀበሌው ሊቀመንበር በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ይቀመጡልን ነበር። የአስካለ ጠላ አንድ ቅዳሜ ከተበላሸ አግዳሚው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ እንደሚሆን፣ አግዳሚው ባዶ ከሆነ ደግሞ የእኔና የታናናሾቼ ነገር እንደሚያሰጋ በልጅነት አእምሮዬም አውቀው ነበር።

እናቴ ከመሠረተ ትምህርት በፊት ፊደል አታውቅም ነበር። ዘመቻው ሲመጣ እንደ ሰው ሁሉ የቀበሌው አዳራሽ ወለል ላይ ተቀምጣ ተማረች። የምስክር ወረቀቷን በመስታወት አስገብታ ከአባቴ ፎቶግራፍ ጎን ሰቀለችው፤ እንዲያውም ከእሱ ትንሽ ከፍ አድርጋ። ነገር ግን ማንበብም መጻፍም ላይ ትዕግሥት አልነበራትም፤ ሙሉ ቃል ያደክማታል። የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ትጽፍና ጠመኔውን ታስቀምጣለች። «የቀረው ይታወቃል» ትላለች። ይህን አባባሏን እኔ ለአስተማሪዬ ሞክሬው በኩርኩም ነው የተመለስኩት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጋኖቿ ሁሉ ፊደል ለበሱ። «ጥ» ጥንስስ ነው፤ ጌሾና ብቅል በውሃ ተዘፍዝፈው ጠላው ሀ ብሎ የሚጀምርበት። «ድ» ድፍድፍ ነው፤ ቂጣው ተቆራርሶ፣ አሻሮው፣ የተቆላው የገብስ ዱቄት፣ ተጨምሮበት፣ ወፍሮ የሚንተከተክበት። «ጉ» ገና ያልጠለለው ጉሽ ነው፤ ችኩል ጠጪ የሚወደው። «ቅ» ደግሞ ቅራሪ፤ ጋኑ ካለቀ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት ለእኛ ለልጆች የሚተርፈው። ከ«ጥ» ሥር በየጠዋቱ አንድ ጭረት ትጨምራለች። አራት ጭረት ሲሞላ በማግሥቱ ቂጣ ይገባል። ሳይደርስ ቂጣ የገባበት ጥንስስ ጠላው ሙት ይሆናል፤ ቀኑ ያለፈበት ደግሞ ይሆመጥጣል። ሦስት ጋን ነበራት፤ ሁልጊዜም ሁለቱ በተለያየ ቀን የተጠነሰሱ ናቸው። በግራዋ ታጥበው በወይራ በታጠኑ ቁጥር ቦታቸው ስለሚቀያየር፣ ከፊደሉና ከጭረቱ በቀር አንዱን ከሌላው የሚለይ ነገር አልነበረም።

ከፊደሉ በፊት መለያው ጆሮ ነበር። የእናቴ ጆሮም ደህና ነው፤ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ግን ልዩ ነበር። እትዬ ዘነበች የአሪ ሰው ናት። በአጥራችን መሃል አንድ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረ፤ ማንም ሊደፍነው አስቦ አያውቅም። ብቅላችንን የምታበቅለው እሷ ናት። በቆሎውን ዘፍዝፋ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ድንጋይ ትጭንበታለች፤ በቀኑ ስትገልጠው የሚወጣውን ያንን እርጥብ፣ ጣፋጭ ሽታ ሌላ ቦታ አግኝቼው አላውቅም። በእኛ ዘንድ የአዲስ ጋን የመጀመሪያው ጉሽ የብቅል አብቃይዋ ነው። እናቴ ጣሳውን ሞልታ፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ፣ በሁለት እጇ ትሰጣታለች። እትዬ ዘነበች ጠጥታ ስትጨርስ የቀሩት ጋኖች ላይ ጆሮዋን ትለጥፍና ዕድሜያቸውን ትናገራለች። ይኼ ሁለት ቀኑ ነው፣ ገና ያንሾካሹካል፤ ያ አራት ቀኑ ነው፣ ተናግሮ ጨርሷል። አማርኛዋ ውስጥ ወንድና ሴት ይቀላቀሉባታል፤ እኔን «አንተ» ነበር የምትለኝ። እናቴ ትስቃለች፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ እትዬ ዘነበች ጌታን ተቀበለች። የጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ስለነበር በየሰው ቤት እየተሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚዘምሩት። መጠጥ ቀረ። እናቴ ብቅሉም አብሮ ሊቀር ነው ብላ ስትሰጋ፣ እትዬ ዘነበች ነገሩን በራሷ መንገድ አስባ ጨርሳው መጣች።

«ብቅል እህል ነው» አለች። «ጋን እስኪገባ እህል ነው። እህል ኃጢአት የለውም።»

ድንበሩ የጋኑ አፍ ነበር ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብቅሉን በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብለናለች እንጂ ጋኖቹ ወዳሉበት ጓዳ አትገባም። ልማድ ነውና እናቴ የመጀመሪያውን ጉሽ አንድ ቀን ይዛላት ወጣች። እትዬ ዘነበች ጣሳውን አየችው፣ ፈገግ አለች፣ አልተቀበለችውም። እናቴም ፈገግ አለች። ቤት ስትገባ ግን ጉሹን መሬት ላይ ደፋችው፤ ጉሽ ስትደፋ ያየኋት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጠላው መበላሸት የጀመረው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። አንዱ ቅዳሜ ሙት ጠላ ወጣ፤ አረፋ የለው፣ ጣዕም የለው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጋን ተከፍቶ ሽታው ብቻ ፊት ያስጨማድድ ነበር። ጠጪዎቹ ጨዋ ናቸው፤ አንድ አንድ ጣሳ ይዘው ብዙ ተቀመጡና ሥራ እንዳለባቸው እያስታወሱ ተራ በተራ ሄዱ። እናቴ መጠርጠር ጀመረች። በመጀመሪያ ባለ ወፍጮውን ጠረጠረችው፤ አሻሮዬን ከሌላ ሰው ዱቄት ጋር ቀላቅሎብኛል አለች። ቀጥላ ከአልዱባ ገበያ ጌሾ ያመጣላትን ነጋዴ። ቀጥላ ደግሞ «አስካለ፣ ዛሬስ አረፋሽ እንደ ጥጥ ነው» ብሎ ያሞገሳትን አንድ የመሥሪያ ቤት ሾፌር፤ ዓይኑ ጥሩ አይደለም ተባለ። በመጨረሻ ጣቷ ወደ አጥሩ ቀዳዳ ዞረ። ዘነበች መጠጥ ትጠላለች፤ የምትጠላውን ነገር ደግሞ ትጸልይበታለች። ምናልባትም ከመጸለይ ያለፈ ነገር ታደርግ ይሆናል።

እኔን ሰላይ አድርጋ የሾመችኝ ያኔ ነው። ሐሙስ ከሰዓት እሷ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች፤ እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለሆንኩ ቤት ነኝ። ወደ ጓዳ የገባውን ሁሉ እንድጽፍ አዘዘችኝ። «ሁሉንም» አለች፤ «ድመትም ብትገባ።» ሹመቱ ልቤን እንዴት እንዳሞቀው መናገር ያሳፍራል። የቤት ሥራ ደብተሬን ገልብጬ ከኋላው ጀመርኩ። ሰው ቢያገኘው እንዳያውቅብኝ በእናቴ መንገድ መጀመሪያ ፊደል እየነጠልኩ እጽፍ ነበር። ሐሙስ «ሐ»፣ ከሰዓት «ከ»፣ ገባ ወይም ገባች «ገ»። የሰው ስምም እንዲሁ። ሁሉንም ሰው መጠርጠር እንዲህ የሚያስደስት ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ቆራሌው በበራችን ሲያልፍ እንኳ ፊደል ሰጥቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ጽሕፈቴ ከክፍሉ አንደኛ ነበር፤ በዚህም ጉራዬ አይጣል ነው። የእናቴ ፊደል ግን ጠማማ ነበር፤ «ጥ»ዋ እግሩ ተሰብሮ የወደቀ ይመስላል። የክፍል ጓደኞቼ ቅራሪ ፍለጋ በእኛ ጓዳ ሲያልፉ እያዩ ይስቁ ነበር። ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ፣ እናቴ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ጋኖቹን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ ፊደሉንና ጭረቱን አስተካክዬ መጻፍ ጀምሬ ነበር። እንዳታውቅብኝ ጠመም አደርገዋለሁ፤ ግን ደህና አድርጌ ጠመም። መጀመሪያ ሁሉንም እጠርጋለሁ፤ ከዚያ የትኛው የትኛው እንደነበረ አስታውሼ እጽፋለሁ። በማስታወስ ችሎታዬም ያን ያህል እተማመን ነበር።

ያን ሐሙስም ጠርጌ፣ ጽፌ፣ ጨርቁን አስጥቼ፣ ከጓዳው መስኮት ውጭ ኮባው ሥር ተቀመጥኩ። ብዙም ሳልቆይ እትዬ ዘነበች በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። ግራ ቀኝ አየች። ጓዳ ገብታ ጆሮዋን አንዱ ጋን ላይ ለጠፈች፣ ሌላው ላይ ለጠፈች። ጭረቶቹን በጣቷ ቆጠረች። ወደ መጀመሪያው ተመለሰችና እንደገና አዳመጠች። ከዚያ መክደኛውን አንስታ ከመቀነቷ የብቅል ዱቄት በእፍኟ አወጣች፣ ጋኑ ውስጥ ጨመረች፣ እስከ ክንዷ አስገብታ አማሰለች። ክንዷን በቀሚሷ ጠርጋ በመጣችበት ቀዳዳ ወጣች። እኔም ወዲያው ጻፍኩ። ልጄ ፓስወርድ ነው ያለችው ይህንን ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት፣ ዘነበች ገባች፣ ብቅል ጨመረች።

ለእናቴ አነበብኩላት። ዓርብ እንደወትሮው አራት ጭረት ያለበት ጋን ውስጥ ቂጣዋን ቆራርሳ ጨመረች። ቅዳሜ ደግሞ ከሁለቱም ቀደም ብሎ የተጠነሰሰው ሦስተኛው ጋን ሲከፈት ጠላው ለሦስተኛ ጊዜ ተበላሽቶ፣ ሆምጥጦ ወጣ። እትዬ ዘነበች ከገበያ ስትመለስ ቅርጫቷን ተሸክማ በበራችን ታልፍ ነበር፤ ከኋላዋ የጸሎት ኅብረታቸው ሽማግሌ አሞሌ ጨው ይዞ ይከተላል። እናቴ ደጃፍ ወጥታ ቆመች።

«ዘነበች፣ እስቲ ለዚህ ሁሉ ሰው ንገሪው። ሐሙስ ዕለት እጅሽ ጋኔ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

ሽማግሌው ቆመ። አልገባሁም ብትል ኖሮ ይበቃት ነበር፤ የእኔን የልጅ ደብተር ማን ያምናል? እሷ ግን ቅርጫቷን አወረደች።

«ብቅል ጨመርኩ» አለች። «ጋን ሁለት ቀኑ ነበር፤ ጆሮዬ ሰማ። ጭረት አራት አለ። ነገ አስካለ ቂጣ ይጨምራል፣ ጠላ ይሞታል አልኩ። ይፍጠን ብዬ ጨመርኩ። ጭረት ውሸት ነው፣ አስካለ። ጋን አይዋሽም።»

እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። የምስክር ወረቀቷ ከበስተኋላዋ ግድግዳው ላይ ይታያል።

«እኔ ተምሬ የጻፍኩትን አንቺ በጆሮሽ ልታርሚኝ?» አለቻት።

እኔ በሩ ጥግ ቆሜ ነበር። ጭረት ውሸት ነው የሚለው ቃል ከእትዬ ዘነበች አፍ ሲወጣ ሁሉም ነገር በአንዴ ገባኝ። ሁለቱን ጋኖች አይቻቸዋለሁ፤ አንዱ ሁለት፣ አንዱ አራት ጭረት። ጠርጌያቸዋለሁ። ስጽፍ የሁለቱን ለአራቱ፣ የአራቱን ለሁለቱ ሰጥቻለሁ፤ ከዚያ በፊትም እንዲሁ። እትዬ ዘነበች ይህን በጆሮዋ ደርሳበት፣ እምነቷ እንዳትነካው ያዘዛትን ጋን ተደብቃ የከፈተችው ለጓደኛዋ ጠላ ብላ ነው። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። እናቴ ትገርፈኛለች፤ ከዚያ ያለፈ ምንም አይመጣብኝም። አልተናገርኩም። ዛሬም ድረስ ለምን እንዳልተናገርኩ ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ ፈሪ ነበርኩ፤ ጽሕፈቴም መመስገኑ እንዳይቀርብኝ ፈልጌ ነበር።

ሽማግሌው ጨዉን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ እትዬ ዘነበች ከኅብረት መታገዷን ሰማን። ለስድስት ወር። እሑድ እሑድ እነሱ ተሰብስበው በሚዘምሩበት ቤት በኩል ስላክ አየኋት፤ ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ ከውስጥ የሚሰማውን ዜማ በከንፈሯ ትከተል ነበር። እናቴ የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ደፈነችው። ብቅል ከገበያ መግዛት ጀመረች።

ጠላውም ዳነ። እንዴት አይድን? ጋን መንካት ትቻለሁ። እናቴ በሦስተኛው ደህና ቅዳሜ የአረፋውን ቁመት እያሳየች «አየሽ?» አለችኝ። አየሁ አልኳት። ያ አየሁ ያልኩት ቃል ከዝምታዬም የከፋ ይመስለኛል።

በዚያ ሰሞን ነው ደብተሩ ከፍራሼ ሥር የጠፋው። ፍርሃቴ ወሰን አጣ። ያኔ በደርግ ዘመን ወረቀት ላይ ፊደል ብቻ ተነጣጥሎ የተጻፈ ነገር መያዝ ትልቅ ሰውንም አያስተኛም ነበር፤ ድርጅቱም ጠላቱም የሚጠራው በፊደል ነው። ቀበሌ ወስዶት ይሆናል አልኩ። ታናሽ ወንድሜ ለኳስ መጠቅለያ ቀዶት ይሆናል አልኩ። እትዬ ዘነበች በአጥሩ ሾልካ ወስዳው ይሆናል ብዬም አሰብኩ፤ ያን ሁሉ አድርጌባትም እሷኑ መጠርጠሬ አልቀረም። እናቴን ብቻ አልጠረጠርኩም። እሷ ሙሉ ገጽ ማንበብ አትወድማ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ግን ግራ የሚያጋባ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋኖቹ ላይ ፊደል የለም። አንድም። እናቴ ጆሮዋን አንዱ ጋን ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና አገኘኋት። ጠመኔ አልቆ ነው ብዬ ከትምህርት ቤት ስብርባሪ ባመጣላት አልፈልግም አለችኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጋን ላይ ጽፋ አታውቅም። የቂጣ ቀን ሲደርስ ደግሞ ለጋኑ ከጋገረችው ውስጥ አንዱን ለይታ በኮባ ቅጠል ጠቀለለችና ለእትዬ ዘነበች እንዳደርስ ሰጠችኝ። ምን ልበል ብላት፣ ምንም አትበይ፣ ብትጠይቅሽም አላውቅም በይ አለች። የአጥሩን እሾህ በእኔ ልክ ገለል አድርጋልኛለች።

ጠረጠርኩ። እንዲህ ያለ ቂጣ በሰላም አይላክም ብዬ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩና ከጫፉ ቆርሼ በላሁ። ሆዴን ይዤ ሞትን ጠበቅሁ። ከብቶቹ ከሜዳው ሲባረሩ፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ፣ ሰው ሲወርድ አየሁ፤ እኔ ግን አልሞትኩም። ቂጣው የአሻሮ ጭስና የገብስ ጣዕም ብቻ ነበረው። እትዬ ዘነበች በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ የተቆረሰውን ጫፍ አየችው፣ አሸተተችው።

«እህል ነው» አለችና ገባች።

ከዚያ በኋላ ቂጣ በተጋገረ ቁጥር አመላላሹ እኔ ነበርኩ። ሁለቱ ሴቶች እንደ ድሮው ተቀምጠው ሲያወጉ አላየሁም። ለቅሶ ላይ ይተያያሉ፣ ሰላምታ ይሰጣጣሉ። እትዬ ዘነበች እገዳዋን ጨርሳ ወደ ኅብረቷ ተመለሰች፤ ለእኛ ግን ብቅል አብቅላ አታውቅም። ምን ዓይነት ነገር እያመላለስኩ እንደሆነ ሳላውቅ አደግሁ፤ መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ለመምህርነት ኮርስ ከጂንካ ወጣሁ። ያ የቂጣ ነገርም በዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።

አሁን ሳጥኑ አጠገብ ወለል ላይ ተቀምጬ ገጾቹን እገልጣለሁ። ድመቷ አለች። ቆራሌው አለ። እትዬ ዘነበች አለች፤ ከእሷ በላይ ባለው መስመር ደግሞ ረስቼው የኖርኩት ነገር፣ በዚያ በምኮራበት ጽሕፈት፦ «ሐ ከ። እኔ ገ። ጋ ጠ። ጥ ጻ።» ሐሙስ ከሰዓት፣ እኔ ገባሁ፣ ጋን ጠረግሁ፣ ጥ ጻፍኩ። ሁሉንም ጻፊ ስለተባልኩ ራሴንም ጽፌ ነበር። ያለፈውን ሐሙስ መጥረጌንም ሳይቀር አስታውሼ አስገብቼዋለሁ። ለእናቴ ሳነብላት ይህን መስመር ዘለልኩት ማለት ነው፤ እሷ ግን ቆይታ ራሷ አንብባዋለች። ሙሉ ቃል የሚያደክማትን እናቴን ይህን ደብተር ማንበብ ምንም አላደከማትም፤ በእሷው መንገድ የተጻፈ ነው። ከመስመሩ ሥር በከሰል የተሰመረ ወፍራም ጥቁር መስመር አለ።

ገጹን ስገለብጠው እግሩ የተሰበረ አንድ ፊደል አገኘሁ። «ቂ» ይላል። ከሥሩ ጭረት። ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት። በከሰል ይጀምራል፤ ቆይቶ እርሳስ ይሆናል፤ ቆይቶ ሰማያዊ እስክሪብቶ። እኔ ከጂንካ ከወጣሁ በኋላም ገጽ በገጽ ይቀጥላል፤ አሥር ጊዜ ተቋርጦ አሥር ጊዜ ይጀመራል፤ መጨረሻ አካባቢ ጭረቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ልቆጥራቸው ጀምሬ ተውኩት። የቀረው ይታወቃል።

ያኔ መናገር ያቃተኝን ይቅርታ እናቴ እህል አድርጋ ስትልከው ኖራለች። ጋኑ አፍ ከመድረሱ በፊት ያለውን፣ ዘነበች ልትቀበለው የምትችለውን ለይታ። ተሳስቼ ነበር ብላ አፏን ሞልታ መናገር ለእሷም ከብዷታል፤ ልጄ ናት ጥፋተኛዋ ብላ አሳልፋ መስጠትም አልሆነላትም። እኔም መልእክተኛ ሆኜ የራሴን ጥፋት ካሳ በኮባ ጠቅልዬ አመላልስ ነበር፤ መርዝ ይሆን ብዬ እየቆረስኩ። እናቴን የጠረጠርኩባቸውን ቀናት ሁሉ አሰብኩና አለቀስኩ። ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች።

በማግሥቱ አሻሮ ገዝቼ ቂጣ ጋገርኩ፤ ኮባ የሰጠኝ ጎረቤት ነው። አጥሩ ዛሬ የቆርቆሮ ስለሆነ በበር ዞሬ ነው የሄድኩት። አውሮፕላኑ ከከተማ ወጥቶ ሌላ ሜዳ ተሠርቶለታል፤ በበራችን የሚያልፈው የቢራ ሣጥን የጫነ መኪና ነው። ጠርሙሱ ላይ ቀኑ በማሽን ተጽፏል፤ መቼ ተሠርቶ መቼ እንደሚያልፍበት የሚያዳምጥ ሰው አያስፈልግም። በእኛ ጊዜ አንድ ጋን ሁለት ሴቶችን ያነጋግር ነበር፤ ያጣላም ነበር፤ ጠርሙስ ሲያጣላ አይቼ አላውቅም፣ ሲያስታርቅም።

እትዬ ዘነበች በጣም አርጅታለች። ያ ጆሮ ተደፍኗል፤ የልጅ ልጇ ጮክ ካላልሽ አትሰማሽም አለችኝ። ስለዚህ ኑዛዜዬን ጮኼ ነው የተናገርኩት። ጭረቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ አልኳት። የልጅ ልጇ ከእጥበቷ ቀና ብላ አየችን። ደግሜ ጮህኩ። እትዬ ዘነበች ግን ዓይኗ እጄ ላይ ባለው የኮባ ጥቅል ላይ ነበር። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ ጫፉን ፈታ አደረገች፣ አሸተተችው።

«ዛሬ ዘገየህ» አለችኝ።

ቤት ተመልሼ ደብተሩን አወጣሁና ከእናቴ የመጨረሻ ጭረት አጠገብ አንድ ጨመርኩ። ጠማማ ሆነ። አላስተካከልኩትም።